ወፍጮው ዝም ያለ ሰሞን

ባሌ ቤት በገባሁ ማግስት ጠዋት ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝ ባሌ አልነበረም፤ ወፍጮው ነው። አምቦ ተወልጄ ያደግሁ፣ የጋሪ ፈረስ ቃጭልና መኪና ላይ የተጫነ ጠርሙስ ሲንኳኳ እየሰማሁ እንቅልፍ የሚወስደኝ ልጅ ስለነበርኩ ድምፅ አይበግረኝም ብዬ እመካ ነበር። ጉደር ላይ ትምክህቴ አንድ ሌሊት ብቻ ነው የቆየልኝ። ገና በቅጡ ሳይነጋ ከጓሯችን "ቱክ! ቱክ! ቱክ!" የሚል ነገር ተነሳ። አልጋው ተንቀጠቀጠ፤ ቁም ሳጥኑ ላይ የተደረደሩት የሰርጌ ብርጭቆዎች እርስ በርስ ይንጫጩ ጀመር። ነጠላዬን እንኳ በወጉ ሳልደርብ ወደ ጓሮ ሮጥኩ።

ባሌ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቆሟል። "ነቃሽ?" አለኝ፣ እየጮኸ።

"ምን ሆኖ ነው?"

"ምን አልሽ?"

"ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚጮኸው!"

"ምንም አልሆነ! ሥራ ጀምሮ ነው!"

ወፍጮ እንዳለው ሳላውቅ አይደለም ያገባሁት። ሽማግሌ የላከ ጊዜ ከስሙ አስቀድሞ የተነገረን ወፍጮው ነበር፤ እናቴም "ዱቄት የማያልቅበት ቤት ነው" ብላ ወዲያው ልቧ ወደደው። ስለ ጩኸቱ ትንፍሽ ያለ ሽማግሌ ግን አልነበረም።

ሞተሩ የናፍጣ ነው። ጭስ ማውጫው የቆርቆሮውን ጣሪያ በስቶ ወደ ላይ ቀጥ ብሏል። አናቱ ላይ ባሌ አንድ ትልቅ የወተት ዱቄት ጣሳ ደፍቶ፣ በአንድ ወገን በሽቦ አስሮበታል። ሞተሩ በተነፈሰ ቁጥር ጣሳው ብድግ ይልና ተመልሶ ይወድቃል፤ ቱክ። ቀኑን ሙሉ ብድግ፣ ቁጭ፣ ብድግ፣ ቁጭ።

ምሳ ላይ፣ "ጣሳውን ብታነሳው ጩኸቱ አይቀንስም?" አልኩት።

"ይቀንሳል።"

"ታዲያስ?"

"እንዲቀንስ ማን ፈለገ?" አለና እጄን ይዞ ወደ በሩ ወሰደኝ። ከወንዙ ማዶ ያለውን ጋራና እላዩ ላይ ተበታትነው የሚታዩትን ቤቶች አሳየኝ። "እዚያ ያለች ሴት አህያዋን ከመጫኗ በፊት ጆሮዋን ወደዚህ ትጥላለች። ጣሳው ካለ ትጭናለች። ጣሳው ከሌለ ወፍጮው ተበላሽቷል ብላ ትቀመጣለች። በዚያ ቁልቁለት ጆንያ ጭኖ ወርዶ ሳያስፈጩ መመለስ ቀልድ መሰለሽ?"

ለማዶ ሰዎች ጣሳው ሰዓትም ዜናም ነበር። ወፍጮውን በኦሮምኛ "ባቡራ" ይሉታል፤ ባሌን ደግሞ በስሙ የሚጠራው የለም፣ "አባ ባቡራ" ነው፣ የባቡሩ ጌታ። ማታ ሊዘጋ ሲል ረጅም እንጨት ይዞ ጓሮ ይወጣና ጣሳውን ጭስ ማውጫው አፍ ላይ ሦስት ጊዜ ይጫነዋል። ድምፁ ሦስት ጊዜ ታፍኖ ቡፍ፣ ቡፍ፣ ቡፍ ይላል። "ልዘጋ ነው፣ ከእንግዲህ አትውረዱ" ማለት ነው። ይህን ምልክት ያወጡት ወፍጮውን የተከሉት አባቱ ናቸው። እሳቸው የሞቱ ጊዜ ወፍጮው ሦስት ቀን ሙሉ ዝም ብሎ ነበር፤ ማንም መርዶ ሳይልክባቸው የማዶ ሰዎች ዝምታውን ሰምተው ብቻ ለቅሶ ወረዱ። ይህን የነገረችኝ አማቴ ናት፣ እሷም እየጮኸች። እዚያ ቤት ሚስጥር እንኳ የሚነገረው በጩኸት ነበር።

የመጀመሪያው ወር ስነጫነጭ አለፈ። ራሴን አመመኝ አልኩ። ጆሮዬ ሊደነቁር ነው አልኩ። ጥጥ ወተፍኩ፤ ጥጡን ወትፌ ደግሞ አማቴ ስትጠራኝ ስላልሰማኋት ኮራች ተባልኩ። ባሌ የኔን ንጭንጭ በፈገግታ እየሰማ "ትለምጂዋለሽ" ይለኛል። እኔ ደግሞ ትለምጂዋለሽ የሚባል ነገር ስለማልወድ ላለመልመድ ቆርጬ ተነሳሁ።

ጆሮ ግን እንደ እግር አይደለም፤ ሂድ ሲሉት የሚሄድ፣ ቁም ሲሉት የሚቆም ነገር አይደለም። መንገዱን ተሻግሮ ካለው ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምር ነበር። አንድ ቀን ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ እጄ በድንገት ቆመ። ለምን እንደቆመ አላወቅሁም። ዞር ስል ተማሪዎቹም ሁሉ ቀና ብለዋል። ክፍሉ ውስጥ የሆነ ነገር የጎደለ ይመስላል፤ የመስኮቱ መጋረጃ ሲወዛወዝ እንኳ ይሰማል።

"ምንድነው?" አልኩ።

ከፊት የተቀመጠችው ልጅ፣ "ቲቸር፣ ባቡራው ቆመ እኮ" አለችኝ።

ለካ ሞተሩን ከወፍጮው ጋር የሚያገናኘው ያ ትልቅ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ተበጥሶ ባሌ ሞተሩን አጥፍቶት ነው። እኔን የገረመኝ ግን መቆሙ አልነበረም። ከስንት ጊዜ ወዲህ እንደሆነ እንጃ፣ ሲሠራ አልሰማውም ነበር፤ መኖሩን የነገረኝ መጥፋቱ ነው። አልለምድም ያልኩት ሴትዮ ሳላውቀው ለምጄው፣ ለምጄውም አልቀረሁ፣ ያለ እሱ መጻፍ አቅቶኝ ሰሌዳ ፊት ጠመኔ ይዤ ቆሜያለሁ። አሥር ደቂቃ ያህል ቆይቶ ቱክ ብሎ ሲነሳ ክፍሉ በሙሉ እፎይ አለ፤ እኔም አብሬ።

ከዚያ ቀን በኋላ ሆን ብዬ አዳምጠው ጀመር፤ አንዴ ካዳመጡት ደግሞ ወፍጮ ብዙ ወሬ አለው። ጤፍ ሲፈጭ ድምፁ ስስና እኩል ነው። በቆሎ ሲገባበት ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሽማግሌ ያጓራል። በርበሬ ከሆነ ደግሞ መንገድ ዳር የቆመው ሁሉ በማስነጠስ ያውጃል። ባሌ የተናደደ ቀን እህሉን በብዛት ስለሚለቅበት ሞተሩ ያቃስታል። የሚያወራው ሰው ያገኘ ቀን ደግሞ እህል መጨመሩን ይረሳና ሞተሩ ባዶውን እንደ ልቡ ይሮጣል። ምሳ ላይ ኮስተር ብዬ፣ "ዛሬ ረፋድ ላይ ማንን ይዘህ ነው ወሬ የምትሰልቀው?" እለዋለሁ። ጉርሻው እጁ ላይ ይቀራል። "ማን ነገረሽ?" ይላል ግራ ቀኙን እያየ። አልነግረውም። ባሏን በጆሮዋ የምትጠብቅ ሴት ከእኔ በቀር ያለች አይመስለኝም ነበር፤ በዚህም በጣም ደስተኛ ነበርኩ። ፊደል እያስቆጠርኩ፣ ደብተር እያረምኩ፣ መንገዱን ተሻግሮ ያለው ሰውዬ ደህና መሆኑን በየሰከንዱ ይነገረኛል።

ችግሩ፣ መልመዴን ለባሌ አለመንገሬ ነው። እንዴት ብዬ ልንገረው? "ትለምጂዋለሽ" ብሎኝ የለ! ተሸነፍኩ ማለት ሆነብኝና አንዳንድ ቀን ለወጉ ያህል "ኧረ ይሄ ጩኸት" እያልኩ እነጫነጭ ነበር።

በተጋባን በሦስተኛው ዓመት፣ በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው፣ ለሞተር የሚሆን የመብራት መስመር በእኛ በኩል ተዘረጋ። አንድ ቀን ማታ ባሌ ፊቱ እንደ ሙሽራ አብርቶ ገባ። አሮጌውን የናፍጣ ሞተር ጊንጪ ለሚኖር ሰው ሸጦ፣ ያለውን ሁሉ አሟጥጦ የመብራት ሞተር ገዝቷል። መለዋወጫ ፍለጋ አዲስ አበባ መመላለስ ቀረ፣ ጭስ ቀረ አለና፣ የመጨረሻውን ለእኔ ያስቀመጠው ይመስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ጩኸትም ቀረ። ለጆሮሽ ስል ነው" አለኝ።

እኔ ምን ልበል? "ተባረክ" አልኩ። ሞተሩን መኪና ላይ የጫኑት ቀን ጣሳው ጓሮ ተጥሎ አየሁት፤ አፉ ጠቁሯል፣ ጠርዙ ከመውደቅ ብዛት ተጨማዷል። ማንም ሳያየኝ አነሳሁት፣ በአመድ አሽቼ አጠብኩትና አልጋዬ ስር ከሰርጌ ሻንጣ ኋላ ደበቅኩት።

አዲሱ ሞተር ሥራ የጀመረ ቀን ቤታችን መሳቂያ ሆነ። ሞተሩ እምም ይላል፤ በቃ ይኸው ነው። እኛ ግን ዕድሜ ልካችንን ከጣሳው በላይ ስንጮኽ የኖርን ሰዎች ነን፤ ጣሳው ሄደ፣ ጩኸታችን ቀረ። ባሌ አጠገቤ ተቀምጦ "ጨው አቀብይኝ!" ሲል ከመንገድ ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ ቀና ብሎ ያየናል። አማቴ ጸሎተኛ ሴት ናት፤ ጎህ ሲቀድ ተንበርክካ እንደ ወትሮዋ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጌታን ለመነች፦ "ዋቃዮ! የልጄን ሚስት ማህፀን ክፈትልኝ! ምላሷንም ትንሽ አሳጥርልኝ!" ሰፈሩ በሙሉ ሰማ። ለአንድ ሳምንት ያህል ያገኘኝ ሁሉ "አሜን" ይለኝ ነበር።

ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። የከተማው ሰው እየመጣ ያስፈጫል፤ ከማዶ ግን ሰው የለም። በመጀመሪያው ሳምንት "የእርሻ ጊዜ ነው፣ አልተመቻቸው ይሆናል" አልን። በሁለተኛው "ዝናቡ ይሆናል" አልን። ሦስተኛው ላይ የምንለው አጣን። ባሌ በሩን ገርበብ አድርጎ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ጋራውን ያያል። ኩሩ ስለሆነ ሄዶ አይጠይቅም። የወፍጮው ኑሮ የማዶ ሰው ነው፤ እነሱ ካልመጡ መዝጋት ነው። አንድ ምሽት አንገቱን ደፍቶ፣ ይህ ወር እንዲህ ካለቀ ወፍጮውን ዘግቶ ጊንጪ ወንድሙ ዘንድ ሄዶ የጭነት መኪና እንደሚሾፍር ነገረኝ።

"እኔስ?" አልኩት።

"አንቺ ሥራ አለሽ። በየአሥራ አምስት ቀኑ እመጣለሁ።"

በየአሥራ አምስት ቀኑ! በየሰከንዱ የለመድኩትን ሰው። ያን ምሽት ተኮራርፈን ተኛን፤ ቤቱ ጸጥ ከማለቱ የተነሳ ሁለታችንም እንዳልተኛን ሁለታችንም እንሰማ ነበር።

በሳምንቱ፣ ገና እንደተኮራረፍን፣ ረፋድ ላይ፣ ክፍል ውስጥ ሆኜ ለቅሶ ሰማሁ።

ከድልድዩ በኩል ነው የመጣው። መጀመሪያ የብዙ ሰው ጉርምርምታ ነበር፣ ቀጥሎ የሴቶች "ዋዮ!" ተለየ። ጉደር ለቅሶ አልፎ ይሄዳል፤ ማንም ያዳምጣል፣ ወደ የት እንደሚያመራ በጆሮው ይከተላል፣ "እነማን ቤት ይሆን" ይላል፣ ወደ ሥራው ይመለሳል። እኔም እንደዚያው ተከተልኩ። ዋናውን መንገድ ይዘው ወጡ። ሻይ ቤቶቹ ጋ ደረሱ። አሁን ያልፋሉ ስል ድምፁ ታጠፈ። ያቺን መታጠፊያ አውቃታለሁ፤ ጥግ ላይ ያለው የቆርቆሮ አጥር ድምፅ ይመልሳል። ወደ እኛ የምታስገባ መንገድ ናት፤ ከትምህርት ቤቱና ከልብስ ሰፊው ሱቅ በቀር ያለባት ቤት የእኛ ብቻ ነው።

ጆሮዬን ወደ ወፍጮው ላክሁት። ምንም የለም። ድሮ ቢሆን ቱክ ቱክ ይለኝ ነበር፤ ድሮ ቢሆን በለቅሶው መሃል እንኳ እሰማውና "አለ፣ እየፈጨ ነው" እል ነበር። አሁን ያ ዝምታ ምንም አይመልስልኝም። ጠመኔውን እንደጨበጥኩ ከክፍሉ ወጥቼ ሮጥኩ። አንድ ጫማዬ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቀረ። በሩጫዬ መሃል በአእምሮዬ ሲመላለስ የነበረው፣ ትናንት ማታ ጀርባዬን ሰጥቼው መተኛቴ ብቻ ነው። እግዚአብሔር የዚያን ዓይነት ሩጫ ለጠላቴም አይስጠው።

ስደርስ ጓሯችን በሰው ሞልቷል። የማዶ ሰዎች ናቸው። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ደረታቸውን ይመታሉ፤ ወንዶቹ ዱላቸውን ተመርኩዘው አንገታቸውን ደፍተዋል። አማቴ ቤት ውስጥ ስለነበረች "ማነው የሞተብን?" እያለች ራሷም እያለቀሰች ወጣች። ልክ በዚያች ቅጽበት የወፍጮ ቤቱ ገርበብ ያለ በር ተከፈተና ባሌ ብቅ አለ። የከተማ ሰው ጤፍ ሲያስፈጭ ቆይቶ ስለነበር ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ዱቄት ለብሷል፤ ከዓይኑ ብሌን በቀር ያልነጣ ነገር አልነበረውም። ያዩት ሴቶች ለቅሶውን ትተው እውነተኛውን ጩኸት ጮኹ። ሁለቱ አጥሩን ዘለው ሄዱ።

ከፊት የቆሙት ሽማግሌ ግን ከቦታቸው አልተነቃነቁም። በየዓመቱ አዲስ እህል ሲደርስ መጀመሪያ የሚያስፈጩት እሳቸው ናቸው፤ ባሌ "ኦቦ" ብሎ ሲነሳላቸው አይቼ አውቃለሁ። ዱላቸውን ወደ ባሌ ቀስረው፣ ከሩቅ፣ ቀስ ብለው ጠየቁት።

"ጂርታ?"

"አለህ ወይ?" ማለት ነው። በየመንገዱ ሰው ለሰው የሚወረውረው የዘወትር ሰላምታ ነው፤ የምር ሲጠየቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

"ጂራ፣ ኦቦ!" አለ ባሌ፣ ግራ ገብቶት። "አለሁ! ማን ሞቶ ነው?"

"አንተ ነሃ!"

በሰው መሃል ገብቼ ደረስኩበት። ልቀፈው ወይ ልምታው አልወሰንኩም ነበር፤ ሁለቱንም አደረግኩ። በጠመኔ እጄ ደረቱን ደበደብኩት፣ ከዚያ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ። በሰው ፊት እንዲህ ያለ ነገር በእኛ አገር ነውር ነው። ግን የባሏን ሞት ሰምታ ባሏን ቆሞ ያገኘች ሴት ምን ማድረግ እንዳለባት የደነገገ ሰው የለም።

ነገሩ ቀስ በቀስ ተገለጠ። ባቡራው ዝም ሲል የማዶ ሰዎች አንድ ሁለት ቀን ጠበቁ። ተበላሽቶ ነው አሉ። ሦስት ቀን አለፈ፤ የባሌ አባት የሞቱ ጊዜ ትዝ አላቸው። ከዚያ ሳምንታት ነጎዱ። ለገበያ የወረደ አንድ ጎረቤታቸው ከሩቅ አይቶ "ጭስ የለም፣ ድምፅ የለም፣ በሩ ገርበብ ብሏል" ብሎ ሲነግራቸው ነገሩ አለቀ። ለአባትየው ሦስት ቀን ዝም ያለ ወፍጮ ይህን ያህል ዝም ያለው ለባለቤቱ ለራሱ ካልሆነ ለማን ነው? እርሻ ይዟቸው ሳይደርሱ በመቅረታቸው ሲጸጸቱ ከርመው፣ ተሰብስበው ወረዱ።

"ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው" አለ ባሌ ዱቄቱን እያራገፈ። "አገር ሞቴን ሲያወራ እኔ እዚህ ጤፍ እፈጫለሁ።"

ሽማግሌው መጀመሪያ ፈገግ አሉ፣ ከዚያ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ ከዚያ በኋላ ጓሯችን ውስጥ የሳቀውን ሳቅ የወንዙ ፏፏቴ የሰማው ይመስለኛል። አጥሩን የዘለሉት ሴቶች ተመልሰው መጡ፤ አንዷ ክንዱን ቆንጥጣ ካረጋገጠች በኋላ ነው የሳቀችው። ለለቅሶ ቤት ብለው በቆሎ ጭነው መጥተው ስለነበር ባሌ እዚያው ፈጨላቸው። አማቴ ያላትን አቀረበች። አንዱ ጎረምሳ እየጎረሰ፣ "ተዝካሩን በቁሙ በላንለት፣ ከእንግዲህ ቢሞትም አይጠራን" አለ።

ሽማግሌው ግን ከመሄዳቸው በፊት ወደ አዲሱ ሞተር ገብተው ጎንበስ አሉ፣ ጆሯቸውን አስጠጉ።

"ይሄ ነው የሚፈጨው?"

"እሱ ነው፣ ኦቦ።"

"ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄማ ንብ ነው። ንብን ማዶ ሆኖ ማን ይሰማል? አለሁ የማይል ሰው አለ ብሎ ማን ያምናል?"

ባሌ ያን ሌሊት ሲገላበጥ አድሮ በማግስቱ አንድ አሮጌ የመኪና ቸርኬ ገዝቶ መጣ። ጓሮ ካለው ግራር ላይ ሰቀለውና በብረት ደጋግሞ መታው። ድምፁ ጋራውን አልፎ ሄደ፤ እሱ ልክ ነበር። የረሳው ነገር የትምህርት ቤቱም ደወል የተሰቀለ ቸርኬ መሆኑን ነው። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ገና ሳይጋመስ ተማሪው በሙሉ "ተደወለ!" ብሎ ከየክፍሉ ፈሰሰ። እኔም ሳላስበው ደብተሬን ሰብስቤ ወጥቼ ነበር። ዳይሬክተሩ መንገዱን ተሻግረው ሄደው ባሌን ምን እንዳሉት እስከዛሬ አልነገረኝም፤ ቸርኬው ግን ከሰዓት በፊት ወረደ።

ማታ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። "አሮጌውን ሞተር መሸጥ አልነበረብኝም" አለ። "ለጆሮሽ ብዬ እንጀራችንን ዘጋሁት።"

ሁለት ነገር ይታገሉኝ ጀመር፤ አንዱ እንባ ነው፣ ሌላው ኩራት። እንባው አሸነፈ። ገብቼ ከአልጋው ስር ጣሳውን አውጥቼ ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት።

ጣሳውን አየው። እኔን አየኝ። እንደገና ጣሳውን አገላብጦ አየው። "አጥበሽዋል" አለኝ።

"አጥቤዋለሁ።"

"ትጠይው አልነበር?"

"መጀመሪያ እጠላው ነበር።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ለመድኩት! ደስ ይበልህ! በእሱ ነበር አንተን የምሰማህ፤ ሲከፋህ፣ ስትቸኩል፣ ወሬ ስትይዝ። ጸጥታ ግዛልኝ ብዬ መቼ ለመንኩህ?"

"በየቀኑ ትነጫነጪ የለ እንዴ?"

"እሱማ ለወጉ ነው!"

ባሌ ጣሳውን ደረቱ ላይ አቅፎ ሳቀ፤ ዓይኑ ግን ርሶ ነበር። በዚያው ምሽት መሥራት ጀመረ። ሞተሩ ትንፋሽ ስለሌለው ጣሳውን የሚያነሳው ነገር የለም፤ እህሉ የሚፈስበት ሳጥን ግን ሲፈጭ ይንቀጠቀጣል። ከሳጥኑ ላይ በሽቦ አንድ ብሎን አንጠለጠለ፣ ግማሽ በርሜል አፉን ወደ ጋራው አድርጎ ግድግዳው ላይ አጋደመ፣ ጣሳውን በርሜሉ ውስጥ ቸነከረው። ሳጥኑ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ብሎኑ ጣሳውን ይመታል፤ በርሜሉ ደግሞ ድምፁን አሳድጎ ወደ ማዶ ይልከዋል። ታክ! ታክ! ታክ!

እንደ ድሮው ቱክ አይልም፤ ታክ ነው፣ ትንሽ ቀጠን ብሎ፣ ከድሮው ይልቅ የሚቸኩል። ጠዋት ሞተሩን ሲያስነሳ አማቴ፣ እኔና እሱ በር ላይ ቆመን ጋራውን እናይ ነበር። ብዙ ቆየ። እንግዲህ አያውቁትም፣ ሌላ ነገር መስሏቸዋል ስንል፣ ከማዶ፣ ከሩቅ፣ ቀጭን ሆኖ፣ እልልታ መጣ። የአንዲት ሴት ነበር፤ ቀጥሎ ከሌላ ቤት ሌላዋ ተቀበለቻት። ስንት ዓመት ሙሉ ድምፅ ከእኛ ወደ እነሱ ሲሄድ ነው የኖረው፤ ከእነሱ ወደ እኛ ሲመጣ ያን ቀን መጀመሪያዬ ነው። ረፋዱ ላይ አህዮች በቁልቁለቱ ተሰልፈው ሲወርዱ ከክፍሌ መስኮት አየኋቸው። ትምህርቱን አቁሜ ተማሪዎቼን "እዩ!" አልኳቸው።

ጊንጪ መሄድ የሚባል ነገር ከዚያ ወዲያ አልተነሳም። ማታ ሊዘጋ ሲል ባሌ እንደ አባቱ ምልክት ይሰጣል፤ አሁን ማፈን ስለሌለ ጣሳውን በመዶሻ ሦስት ጊዜ ረጋ አድርጎ ይመታዋል። ከሦስቱ በኋላ ግን ትንሽ ቆይቶ አራተኛ ጨመረ። መጀመሪያ የተሳሳተ መሰለኝ። በማግስቱም ደገመው። በሦስተኛው ቀን እራት ላይ ጠየቅሁት።

"ሦስቱ ለማዶ ሰዎች አይደለም እንዴ?"

"ነው።"

"አራተኛውስ?"

ጉርሻውን እስኪውጥ አስጠበቀኝ። "ያቺ ያንቺ ናት" አለ። "አለሁ ማለት ነው። ለቅሶ በሰማሽ ቁጥር ጫማሽን ጥለሽ እንዳትሮጪ።"

በሌላ ጊዜ ገበያ ላይ ያገኘችኝ የማዶ ሴት እጄን ስትጨብጥ፣ "አራተኛዋን እኛም እንሰማታለን" ብላ ጠቀሰችኝ። "ልጆቹ ሁሉ ይጠብቋታል። እሷን ሳይሰሙ አይተኙም።" በዚያ ያፈርኩት ማፈር! ግን ማታ ላይ፣ ኩሽና ሆኜ አራተኛዋ ስትመታ፣ እጄ ላይ ያለውን ጭልፋ አንስቼ የድስቱን ክዳን አንድ ጊዜ ቷ አደረግኩት። ይህ ጋራውን አይሻገርም፤ ከጓሮው አያልፍም። ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ባሌ ሲስቅ ሰማሁት። ከዚያ ወዲህ ያልመታሁበት ማታ የለም።

አማቴ ግን ክዳኑ ያሳዝናታል። "ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ምን አደረገሽ?" ትለኛለች፣ ዛሬም እየጮኸች።